«እንደያዝከው ከተሰማህ ይዘኸዋል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ተማሪዎች እየተቀባበሉ የሚያነቡት አንድ ጽሑፍ አለ፣ ርዕሱ «እንደያዝከው ከተሰማህ ይዘኸዋል» ይላል፣ ለፈተና የሚዘጋጅን ሰው ሁሉ ልብ የሚያሳርፍ ጽሑፍ ነው፣ ችግሩም እዛው ላይ ነው። ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ሰው ያጠናውን ወደፊት ያስታውሰው አያስታውሰው ከራሱ በላይ የሚያውቅ የለም ይላሉ ጸሐፊው። ሲያነቡት ቀለል ብሎ የሚሄድ ነገር ገብቷል ማለት ነው፣ አንዴ የመለሱትን ጥያቄ ደግሞ ደጋግሞ ራስን መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው፣ ከሱ ይልቅ ደጋግሞ ማንበብ ይሻላል ይላሉ። ዛሬ በደንብ የያዙት ነገር በወሩም አይጠፋም፣ ይሄ ሁሉ ደግሞ በሳይንስ ተረጋግጧል፣ ሰው የራሱን ትውስታ ሲተነብይ ትክክለኛነቱ 0.90 ደርሷል ይላሉ። መጨረሻ ላይ ራስን መፈተን የሚያስፈልገው ለደካማ ተማሪና እድሜው ለገፋ ሰው ብቻ ነው ብለው ይጨርሳሉ።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም፣ ተማሪ እንዳይጨነቅ አስበው በቅንነት እንደጻፉትም ያስታውቃል። ግን ይሄን ምክር ተቀብሎ የሚያጠና ሰው ይጎዳል ብዬ ስለማምን ነው ነጥብ በነጥብ ልመልስ የተነሳሁት። ለምን ይጎዳል ብትሉ፣ «ይሄን ይዤዋለሁ» የሚለው ስሜት ዝም ብሎ መጥቶ የሚሄድ ነገር አይደለም፣ መጽሐፉን መቼ እንደምንከድነው፣ የቱን ደግመን እንደምናየው፣ የቱን እንደምንዘለው የሚወስንልን እሱ ነው። ሜትካልፍ እና ፊን በ2008 ባወጡት ሥራ (አመተ ምህረቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሁለት አይነት ጥንድ ቃላት አዘጋጁ፣ ሰዎቹ ሁለቱንም እኩል ያስታውሷቸዋል፣ ግን አንደኛውን አይነት ከሌላው የበለጠ የያዙት ይመስላቸዋል። ከዛ የትኞቹን ድጋሚ ማጥናት ትፈልጋላችሁ ተብለው ሲጠየቁ ሰዎቹ የመረጡት በስሜታቸው ነው፣ ትክክለኛው ትውስታቸው እኩል መሆኑ ምርጫቸው ላይ አልታየም። ስሜቱ ከተሳሳተ ጥናቱም አብሮት ነው የሚሳሳተው እንግዲህ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልሂድ። «ያወቅከውንና ያላወቅከውን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም» ይላል ጽሑፉ። ግማሽ እውነት አለበት፣ እሱን መካድ አልፈልግም። ሃርት የሚባል ሳይኮሎጂስት በ1965 ሰዎችን ጥያቄ ጠየቀና መልሱ ለጠፋቸው «መልሱን ከምርጫዎች መሃል ብታዩት ትለዩታላችሁ?» አላቸው፣ ግምታቸው በእድል ብቻ ከሚገኘው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በ1969 ደግሞ አርባክል እና ከዲ ሰዎች ጥንድ ነገሮችን እያጠኑ እያለ የትኛውን በኋላ እንደሚያስታውሱ በተወሰነ ደረጃ መናገር እንደሚችሉ አሳዩ። ስለዚ ስሜቱ ባዶ ነው የሚል ሰው ካለ እሱም ተሳስቷል።

ጽሑፉ ያልነገረን ግን፣ «ትክክል ገመተ» ስንል ሁለት የተለያየ ነገር ማለታችን መሆኑን ነው። አንዱ ማበላለጥ ነው፣ ካጠናሁት ውስጥ ይሄ ከዛኛው ይሻለኛል፣ ያኛው ይከብደኛል ብሎ መለየት። ሌላው ደግሞ በጠቅላላ ምን ያህሉን እንደማስታውስ ልኩን ማወቅ ነው። አንድ ሰው 50 ቃል አጥንቶ የትኞቹ እንደሚከብዱት ጥሩ አድርጎ ሊለይ ይችላል፣ እንደዛም ሆኖ 40 አስታውሳለሁ ብሎ 20 ብቻ ሊያስታውስ ይችላል። ማበላለጡ ላይ ጎበዝ ልኩ ላይ ግን ስህተተኛ ሆነ ማለት ነው። ጽሑፉ ላይ ሁለቱ ተደባልቀዋል፣ አንዱን የሚመለከት ውጤት ለሌላው ማስረጃ ሆኖ ቀርቧል።

ከዚ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ስሜቱ ከየት እንደሚመጣ አለመጠየቃቸው ነው። ጸሐፊው የሚያስቡት ሰው ወደ ውስጥ ተመልክቶ የትውስታውን ጥንካሬ በቀጥታ እንደሚያነበው አድርገው ነው። አሸር ኮሪያት የሚባለው የሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ1997 ባቀረበው ሃሳብ ግን፣ ከዛ በኋላም ብዙ ሥራ የተሠራበት ሃሳብ ነው፣ እኛ የምናደርገው ከምልክቶች ተነስቶ መገመት ነው። ነገሩ ራሱ ቀላል ይመስላል ወይ፣ በምን ሁኔታ ስንት ጊዜ አጠናሁት፣ ሳነበው ወይ ለማስታወስ ስሞክር ቶሎ መጣልኝ ወይ፣ እነዚን ይዘን ነው የምንፈርደው። ምልክቱ ከወደፊቱ ትውስታ ጋር አብሮ የሚሄድ ከሆነ ግምታችን ያምራል፣ አብሮ የማይሄድ ከሆነ ግን ስሜቱ ልክ እንደ እውነተኛው እውቀት ሆኖ ነው የሚሰማን፣ ከውስጥ ሆኖ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ራስን ማዳመጥ ብቻውን የማያዋጣው ለዚ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ «ሲያነቡት ቀለል ብሎ የሚሄድ ነገር ገብቷል» የሚለው ነው፣ ከጽሑፉ ውስጥ አጥብቄ የምቃወመው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቀድሞውኑ የሚያምነው ነገር ነውና ማንም ሳይጠይቅ ይቀበለዋል።

ሮድስ እና ካስተል በ2008 ያደረጉትን እዩ። ሰዎች ስክሪን ላይ ቃላት አንድ በአንድ ያያሉ፣ ግማሾቹ በፎንት 18 ግማሾቹ በፎንት 48 ተጽፈዋል፣ እያንዳንዱ ላይ ይሄን በኋላ የማስታወስ እድሌ ይሄን ያህል ነው እያሉ ቁጥር ይሰጣሉ። በትልቁ ለተጻፉት ከፍ ያለ ቁጥር ሰጡ። ሲፈተኑስ? የፎንቱ ትልቅነት የሚያስታውሱት ላይ ለውጥ አላመጣም። በ2009 ደግሞ እነሱው ተመሳሳዩን በድምጽ ሞከሩት፣ ጮክ ብለው የተሰሙት ቃላት በይበልጥ እንደሚታወሱ ሰዎቹ ገመቱ፣ በተግባር ግን ጩኸቱ የጨመረው ነገር አልነበረም። እስቲ አስቡት፣ ፊደል ስለተለቀና ድምጽ ስለጎላ ብቻ «ይሄን ይዤዋለሁ» የሚለው ስሜት ከፍ አለ፣ ትውስታው ግን እዛው ባለበት ነው።

ፎንት ነው፣ ትንሽ ነገር ነው የሚል ካለ ደግሞ የ2013ቱን የካርፔንተርንና የባልደረቦቿን ሥራ ልንገረው። አንድ አይነት ይዘት ያለው አጭር ሌክቸር በሁለት ቪዲዮ ተቀረጸ፣ ተናጋሪዋ ያው አንድ ሰው ናት። በአንደኛው ቀጥ ብላ ቆማ፣ ወደ ተመልካቹ እያየች፣ ሳትደናቀፍ ታስረዳለች፣ በሌላኛው ደግሞ ወረቀቷ ላይ አቀርቅራ እየተደነቃቀፈች ታነባለች። ጥሩዋን አቀራረብ ያዩት ተማሪዎች ብዙ እንደተማሩና ብዙ እንደሚያስታውሱ ተሰማቸው፣ ሲፈተኑ ግን ሁለቱ ግሩፖች ያስታወሱት ተቀራራቢ ነው። ጥሩ አስረጂ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም እንዳትሳሳቱ፣ ጥሩ አስረጂ ሰው እንዲረዳና እንዲወድ ያደርጋል። ግን አስረጂው ላይ ያያችሁትን ቅልጥፍና የራሳችሁ እውቀት አድርጋችሁ መቁጠር በጣም ቀላል ነው፣ ቪዲዮ እያየ ለሚማር ሰው ሁሉ ይሄ በየቀኑ ያለ አደጋ ነው።

አንድ ልጨምር፣ ምክንያቱም ይሄኛው ስሜቱ ከመሳሳትም አልፎ በተቃራኒው ሊሄድ እንደሚችል ያሳያል። ቤንጃሚን፣ ቢዮርክ እና ሽዋርትዝ በ1998 ለሰዎች የጠቅላላ እውቀት ጥያቄ ሰጧቸው፣ ሲመልሱም በኋላ ባዶ ወረቀት ላይ ይሄን መልስ የማስታወስ እድላችሁ ምን ያህል ነው ብለው ጠየቋቸው። ሰዎቹ በፍጥነት የመለሷቸውን ነው በደንብ አስታውሳለሁ ያሉት፣ ባዶው ወረቀት ሲመጣ ግን በይበልጥ ያስታወሱት ለመመለስ የዘገዩባቸውን፣ ያሰቡባቸውን፣ የለፉባቸውን ነው። ቀደም ብለው በ1980 ዜክማይስተር እና ሾኔሲም እንዲ አይነት ነገር አይተው ነበር፣ ሰዎች አንድን ቃል በተከታታይ ሲያዩት በጊዜ ተራርቆ ከሚያዩት ይልቅ አስታውሰዋለሁ ይላሉ፣ የሚያስታውሱት ግን ተራርቆ የታየውን ነው። ሁሌም የሚቀለው ይጠፋል ማለት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር በርግጥ ይታወሳል፣ ስሜቱ አሳማኝ የሆነውም ለዛ ነው። ግን «ቀለለኝ» ማለት አሁን፣ መጽሐፉ ፊቴ ተከፍቶ እያለ ቀለለኝ ማለት ነው፣ ፈተና ላይ መጽሐፉ የለም።

አሁን ወደ ሶስተኛው ነጥብ፣ ወደ 0.90 ልምጣ፣ ረዘም አድርጌ የምጽፈውም እዚ ላይ ነው ምክንያቱም ጽሑፉ ሳይንስ ይደግፈኛል የሚለው በዚች ቁጥር ነው። ቁጥሯ እውነት ናት፣ አልተፈጠረችም። ኔልሰን እና ደንሎስኪ በ1991 ያወጡት ጥናት ላይ ያለች ናት። ግን ጸሐፊው የነገሩን የጥናቱን ግማሽ ነው፣ የቀረው ግማሽ ደግሞ የራሳቸውን ምክር የሚያፈርስ ነው።

ጥናቱ እንዲህ ነበር። ሰዎች 60 ጥንድ ቃላት ያጠናሉ፣ በኋላ አንደኛው ቃል ሲሰጣቸው ሁለተኛውን ማምጣት አለባቸው። ለግማሾቹ ጥንዶች ግምታቸውን የሚሰጡት ልክ አጥንተው እንደጨረሱ ወዲያው ነው፣ ለቀሩት ግን ሌሎች ጥንዶች መሃል ገብተው ትንሽ ቆይቶ ነው፣ ሲጠየቁም የሚያዩት የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው። ግምታቸው ምን ያህል የሚታወሰውን ከማይታወሰው እንደለየ ጋማ በሚባል መለኪያ ተለካ፣ 0 ከሆነ ግምቱ ምንም አይለይም፣ 1 ከሆነ በትክክል ይለያል። ቆይተው ለገመቱት 0.90 ወጣ። ወዲያው ለገመቱትስ? 0.38። ልዩነቱን አያችሁት አይደል? ያው ሰዎች ናቸው፣ ያው ጥናት ነው፣ የተለየው ነገር መቼ ተጠየቁ የሚለው ነው። «ልክ አንብበህ ስትጨርስ የሚሰማህን እመን» ብሎ ለሚመክር ጽሑፍ የሚመለከተው ቁጥር 0.38 ነው እንጂ 0.90 አይደለም። ደግሞም 0.90 ማለት ከመቶ 90 ታስታውሳለህ ማለት አይደለም፣ ከላይ እንዳልኩት ስለ ማበላለጥ የሚናገር ቁጥር ነው፣ ጽሑፉ ውስጥ ግን እንደዛ ተደርጎ ነው የተነበበው።

ለምን ይሄን ያህል ተለያየ ቢባል፣ ወዲያው ስትጠየቁ ያጠናችሁት ነገር ገና ከጭንቅላታችሁ አልወጣም፣ ስለዚ ሁሉም ነገር የተያዘ ይመስላል፣ ጠንካራውም ደካማውም አንድ አይነት ስሜት ይሰጣል። ትንሽ ከቆየ በኋላ ግን እንደ ፈተናው ቀን ከሩቅ ፈልጋችሁ ማምጣት አለባችሁ፣ መምጣቱና አለመምጣቱ ራሱ ምልክት ይሆናችኋል። ይሄ ትርጉም የተደገፈው በ1992 ደንሎስኪና ኔልሰን ሌላ ነገር ሲሞክሩ ነው፣ ቆይተው ሲያስገምቱ ሁለቱንም ቃል አብረው ቢያሳዩስ ብለው። አብረው ሲያሳዩ ጥቅሙ አብዛኛው ጠፋ። መቆየቱ ብቻውን አልሰራም ማለት ነው፣ መልሱ መደበቅ ነበረበት። ኖታችሁን ከሁለት ሰአት በኋላ ገልጣችሁ መልሱን እያያችሁ «አዎ ይሄን አውቀዋለሁ» ብትሉ ያው ወዲያው እንደመገመት ነው።

መልሱን እያዩ መገመት ለምን እንደሚያታልል ኮሪያት እና ቢዮርክ በ2005 ጥሩ አድርገው አሳይተውታል። ምሳሌውን በራሳችን ቋንቋ ላድርገው። «መብራት - አምፖል» የሚል ጥንድ ብታጠኑ በጣም ግልጽ ነው፣ ማን ይረሳዋል ያስብላል። ፈተናው ላይ ግን የሚመጣላችሁ «መብራት» ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ስንት ነገር ሊያስታውስ ይችላል፣ ጨለማ፣ ሻማ፣ ፋኖስ፣ ብርሃን። አምፖል ሲባል መብራት ይመጣል፣ መብራት ሲባል ግን አምፖል የግድ አይመጣም። ሁለቱን አብሮ ሲያዩ ግንኙነታቸው ስለሚታይ ሰው ያንን ግልጽነት ፈተናው ላይም የሚያገኘው ይመስለዋል። እንደዚ ባሉ ጥንዶች ላይ ነው ሰዎች በጣም አብዝተው የሚገምቱት። ትርጉም፣ ፎርሙላ፣ የታሪክ አመተ ምህረት፣ ሁሉም ላይ ይሄው ነው፣ መልሱን እያየህ ጥያቄው ቀላል ነው።

እዚ ጋር ሙሉውን ለመናገር ያህል፣ ስፔልማን እና ቢዮርክ በ1992 የኔልሰንንና የደንሎስኪን የ0.90 ጥናት ተችተዋል። ቆይቶ የሚገምተው ሰው ለመገመት ሲል መልሱን ፈልጎ ያመጣዋል፣ በማምጣቱ ደግሞ ትውስታው ይጠነክራል፣ ስለዚ ግምቱ ትክክል የመሰለው ግምቱ ራሱ ነገሩን ስለቀየረው ሊሆን ይችላል አሉ። ክርክሩ ብዙ ጊዜ ቆይቷል፣ ሮድስና ታውበር በ2011 ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ የመቆየት ጥቅሙ በግምቱ ትክክለኛነት ላይ ጠንካራ ሆኖ ነው ያገኙት። ለሚያጠና ሰው ግን፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ የክርክሩ ሁለቱም ወገን የሚመክሩት አንድ ነገር ነው። ወይ ያወቃችሁትን በትክክል ትለያላችሁ፣ ወይ ስትሞክሩት ይጠነክርላችኋል፣ ወይ ሁለቱም። አንድ ክፍል አንብባችሁ ወደ ሌላ ክፍል እለፉ፣ ቆይታችሁ ተመለሱ፣ ጥያቄውን ብቻ እዩ፣ መልሱን በቃል ወይ በጽሑፍ አውጡት፣ ከዛ ነው መግለጥ። ሳይወጣ መግለጥ የለም፣ «አፌ ላይ ነው» ተብሎ የሚገለጥ መልስ ከተገለጠ በኋላ ሁሌ የታወቀ ነው የሚመስለው።

አራተኛው ነጥብ፣ አንዴ የመለስከውን ጥያቄ ተወው፣ ደጋግመህ አንብብ የሚለው። ይሄ በቀጥታ የተሞከረ ነገር ነው። ካርፒኪ እና ሮዲገር በ2008 ሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ተማሪዎች 40 የስዋሂሊና የእንግሊዝኛ ጥንድ ቃላት አጠኑ። ሁሉም ግሩፖች ቃላቱን ቢያንስ አንዴ በትክክል እስኪመልሱ ደርሰዋል። ከዛ በኋላ ግን ተለያዩ፣ አንዳንዶቹ ግሩፖች አንዴ የመለሱትን ቃልም መፈተናቸውን ቀጠሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ አንዴ ከመለሱት ፈተናውን ተዉት፣ በሁለቱም በኩል ማንበቡን የቀጠለ አንድ ግሩፕና ያቆመ አንድ ግሩፕ ነበር። ከሳምንት በኋላ መፈተን የቀጠሉት 80 ፐርሰንት አካባቢ አስታወሱ። ፈተናውን የተዉት ግን 36 እና 33 ፐርሰንት ናቸው። ማንበብ የቀጠለውና ማንበብም ያቆመው መሃል ያለው ልዩነት ይሄን ያህል ትንሽ ነው። በሌላ አነጋገር ጽሑፉ የመከረውን በትክክል ያደረገው ግሩፕ፣ አንዴ ከመለስክ አትፈተን ግን አንብብ የተባለው ማለቴ ነው፣ 36 ላይ ቀረ።

እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ውጤቱ ሳይሆን ግምቱ ነው። ተማሪዎቹ ትምህርቱ እንዳለቀ ከሳምንት በኋላ ስንቱን ታስታውሳላችሁ ተብለው ተጠይቀው ነበር፣ አራቱም ግሩፖች በአማካይ ግማሽ ያህሉን ነው ያሉት። 80 የሚያስታውሰውም 33 የሚያስታውሰውም ግማሽ ያህሉን ነው ብሎ የገመተው፣ ከውስጥ ሆኖ ልዩነቱ አልተሰማቸውም። ያንን ያህል ትልቅ ልዩነት የማይሰማ ስሜት ላይ ተደግፎ «በቃኝ» ማለት ይቻላል?

በ2006ም እነዚሁ ሰዎች ከአጭር ጽሑፍ ጋር ሞክረውት ነበር። አንዱ ግሩፕ ጽሑፉን አራት ጊዜ አነበበ፣ አንዱ ሶስቴ አንብቦ አንዴ ያስታወሰውን ጻፈ፣ ሌላው አንዴ ብቻ አንብቦ ሶስቴ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ያነበበው አሸነፈ፣ 83፣ 78፣ 71 ፐርሰንት። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ተገለበጠ፣ 40፣ 56፣ 61። ከሳምንት በኋላ በጣም አስታውሳለሁ ብሎ የገመተውስ ማን ነበር? አራት ጊዜ ያነበበው። ጸሐፊው «ደጋግሜ ሳነብ እንደያዝኩት ይሰማኛል» ያሉት ውሸት አይደለም፣ በርግጥም ይሰማል፣ ለአምስት ደቂቃም እውነት ነው። ራስን መፈተን ደግሞ የሚጠፋውን ነገር ስለሚያሳይ ያስከፋል፣ ተማሪ የሚሸሸውም ለዛ ይመስለኛል፣ ግን ያ መከፋት እያጠናችሁ መሆኑን የሚያሳይ እንጂ መውደቃችሁን የሚያሳይ አይደለም።

አምስተኛው «ዛሬ በደንብ የያዝከው በወሩም አይጠፋም» የሚለው ነው። ሰው ይረሳል፣ ኤቢንግሃውስ በ1885 በራሱ ላይ ለክቶ ካሳየ ጊዜ ጀምሮ መርሳት መጀመሪያ ላይ ፈጣን ከዛ እየቀነሰ የሚሄድ መሆኑ ይታወቃል፣ በዚ ላይ መከራከር አያስፈልግም። የሚገርመው ግን ይሄን ሁሉም ሰው ቢያውቀውም ስለራሱ ሲገምት አለመጠቀሙ ነው። ኮሪያት፣ ቢዮርክ እና ባልደረቦቻቸው በ2004 አንዱን ግሩፕ ወዲያው ብትፈተኑ፣ ሌላውን ከቀን በኋላ፣ ሌላውን ከሳምንት በኋላ ብትፈተኑ ስንቱን ታስታውሳላችሁ ብለው ጠየቁ፣ ግምቶቹ አልተለያዩም። እስከ አመት ድረስ ገፍተው ሲጠይቁም ያው ነው። ትክክለኛው ትውስታ ግን እንደተለመደው ጊዜው በረዘመ ቁጥር ወርዷል።

ጥሩ ዜናም አለበት። ያንኑ ሰው ሁሉንም ጊዜ አንድ ላይ አድርገው ሲጠይቁት፣ ወይም «ምን ያህሉን ታስታውሳለህ» በማለት ፋንታ «ምን ያህሉን ትረሳለህ» ሲሉት፣ ጊዜን ማሰብ ጀመረ። እውቀቱ ነበረው፣ ስሜቱ ግን እውቀቱን አልጠራውም። ስለዚ ምዕራፍ ጨርሳችሁ ራሳችሁን ስትጠይቁ ጥያቄውን ገልብጡት፣ ፈተናው በሶስት ሳምንት ከሆነ በሶስት ሳምንት ውስጥ ከዚ ውስጥ የትኛው ይጠፋብኛል በሉ፣ መልሱ ይለያል።

ጽሑፉ «ካልተሰማህ ደግሞ አላወቅከውም» የሚል ሃሳብም በመሃል ወርወር አድርጓል፣ እሱን ዝም ብዬ ማለፍ አልፈለግኩም ምክንያቱም በራሳቸው የማይተማመኑ ተማሪዎችን የሚጎዳው ይሄ ነው። ኮሪያት፣ ሼፈር እና ማአያን በ2002 እንዳሳዩት ሰዎች አንድን ነገር አጥንተው ተፈትነው እንደገና ሲያጠኑት፣ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ግምታቸው ከትክክለኛው ውጤታቸው በታች ይወርዳል፣ ከሚያስቡት በላይ ያውቃሉ ማለት ነው። ኮርኔል እና ቢዮርክ በ2009 እንዳሳዩት ደግሞ ሰዎች ገና ብዙ ዙር እንደሚያጠኑ እየተነገራቸው የሚገምቱት ውጤት ብዙም አይጨምርም፣ በተግባር ግን በየዙሩ በጣም እየጨመረ ነው የሄደው። ተስፋ የቆረጠ ተማሪ «ባጠናውም ለውጥ የለውም» የሚለው ስሜቱን አምኖ ነው፣ ስሜቱ ግን የነገን ጥናት አይቆጥርም።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ይሄ ችግር የደካማ ተማሪና እድሜው የገፋ ሰው ነው የሚለው። ስለ ደካማ ተማሪው ብዙ አልልም፣ ከላይ የጠቀስኳቸው ጥናቶች አብዛኞቹ የተሰሩት በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነው፣ እነሱ ናቸው በፎንት የተታለሉት፣ እነሱ ናቸው 33 እያስታወሱ ግማሽ ያሉት። ደንሎስኪ እና ሮውሰን በ2012 እንዳሳዩትም ከልክ በላይ የተማመነው ተማሪ ቶሎ ያቆማል፣ በኋላም ያነሰ ያስታውሳል፣ ልዩነቱን ያመጣው የግምቱ መሳሳት ነው።

ስለ እድሜ የተጻፈው ግን ስህተት ብቻ አይደለም፣ ሰውን ያስቀይማል። እድሜ ሲገፋ አዲስ ነገር ይዞ ማስታወስ በአማካይ እንደሚቀንስ እውነት ነው። ግን የሚታወሰውንና የማይታወሰውን መለየት ሌላ ችሎታ ነው። ኮነር፣ ደንሎስኪ እና ሄርትዞግ በ1997 ወጣቶችንና በእድሜ የገፉ ሰዎችን አነጻጽረው ነበር፣ ትልልቆቹ ያስታወሱት ያነሰ ነው፣ ቆይተው ሲገምቱ ግን የቱ እንደሚመጣላቸውና የቱ እንደሚጠፋባቸው ከወጣቶቹ ባልተናነሰ ለይተዋል። እናትህ ወይ አባትህ በዚ እድሜያቸው ቋንቋ እየተማሩ ከሆነ፣ ወይም አዲስ ሥራ እየለመዱ ከሆነ፣ መልሱን ደብቀው ቆይተው ራሳቸውን ሲጠይቁ የሚያገኙት መልስ ልክ እንዳንተው የሚታመን ነው፣ የትኛውን ድጋሚ ማየት እንዳለባቸው ራሳቸው ያውቁታል።